ልጆቻችን ጠረጴዛ ዙሪያ ሲጫወቱ «ሥራ ፈቶች» አንበላቸው



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጨዋታ ነው። «በዚህ ጊዜ ስለ ጨዋታ ይጻፋል ወይ?» የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ልጁን ለሚሉኢም የሸኘ አለ። ሐዘኑ ያልወጣለት ቤት አለ። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ አዛቃ መስሎት ከተቀመጠበት የሚነሣ አለ። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ከማለት አልፈን ልጆቹን ተቆጥተናል። አሁን ሐሳባችንን ቀይረናል፤ ለምን እንደ ቀየርን ልንነግራችሁ ነው።

እኛ በአንድ ሰፈር የምንኖር ጥቂት ወላጆች ነን። ልጆቻችን ሰንበት ከወጣ በኋላ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። አምስት ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ስድስት። ወረቀት፣ እርሳስና ብዙ ገጽ ያላቸው ባለቀለም ኩቢያዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋሉ። ከዚያ ሦስት አራት ሰዓት ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጨዋታውን በዕብራይስጥ «መቩኺም ኡድራኮኒም» ይሉታል። «ዋሻዎችና ዘንዶዎች» እንደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ኩቢያውን ስናይ ቁማር መሰለን። መጽሐፉን ገለጥ ስናደርግ ደግሞ ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ አስማተኛ። ከእኛ አንዷ «ይሄ ጥንቆላ ነው፣ ቤቴ አይገባም» ብላ መጽሐፉን ቁም ሣጥን ላይ ደበቀችው። ልጇ ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገራትም። ሌላው አባት ደግሞ «ሰው እየሞተ እናንተ በተረት ትጫወታላችሁ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋው። ዛሬ ሁለቱም ይህን ጽሑፍ አብረውን ጽፈዋል።

እስቲ ጨዋታው ምን እንደሆነ በቀላሉ እናስረዳ፤ ሳናውቅ መፍረድ ይበቃናል። አንዱ ልጅ ተራኪ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው «ይሆናሉ»፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ሌባ። የዚያ ሰው ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ሰው የመማረክ ችሎታ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል። ተራኪው «ጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብታችኋል፣ ከፊታችሁ የውኃ ድምፅ ይሰማል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ተማክረው ይወስናሉ። የሚያስፈራ ወይም የሚከብድ ነገር ሲሆን 20 ገጽ ያለውን ኩቢያ ይጥላሉ፤ ቁጥሩ ከበቃ ተሳካ፣ ካልበቃ ሌላ መላ ይፈለጋል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም። አንዱ አሸንፎ ሌላው አይሸነፍም፤ ወይ አብረው ይወጣሉ ወይ አብረው ይቀራሉ።

ጨዋታው አዲስ አይደለም። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሳተሙት። በ1980ዎቹ ብዙ አሜሪካውያን ወላጆች ልክ እንደኛ ፈርተው ነበር። ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል፣ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል ተብሎ በቴሌቪዥን ሳይቀር ተወራ። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን ያንን የሚያሳይ ነገር አላገኙም። እዚህ አገርም በ2005 ሠራዊቱ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ምልምሎችን በጥርጣሬ እንደሚያይ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ግን በየዓመቱ በሱኮት ሰሞን ቴል አቪቭ ላይ በሚደረገው «አይኮን» በሚባለው ፌስቲቫል ወጣቶች በግልጽ ተሰብስበው ይጫወቱታል። ስለዚህ ፍርሃታችን የኛ ብቻ አልነበረም፤ በሌላው አገር ያሉ ወላጆችም አልፈውበታል።

ታዲያ ሐሳባችንን ያስቀየረን ምንድን ነው? ሚቅላቱ ነው።

በጁን 2025 ከኢራን ጋር የነበሩትን 12 ቀናት ማን ይረሳቸዋል? የኛ ሕንፃ አሮጌ ነው፤ ማማድ የለውም። ሌሊት ስልኩ ሲጮኽ ሕፃን ታቅፈን፣ አዛውንት ደግፈን ደረጃውን ወርደን ሚቅላት እንገባለን። ሁላችንም ስልካችን ላይ አፍጥጠን ዜና እንከታተላለን። የት ወደቀ? ስንት ሰው ተጎዳ? ሦስተኛው ሌሊት ይሁን አራተኛው፣ ልጆቹ አንዱን የፕላስቲክ ጠረጴዛ መሃል አድርገው ኩቢያቸውን አወጡ። ልንቆጣ ነበር፤ ግን ለመቆጣትም አቅም አልነበረንም። ዝም አልናቸው።

ጨዋታው ውስጥ ሰዎቻቸው በሌሊት አንድ ወንዝ መሻገር ነበረባቸው። አብረዋቸው አንድ ሽማግሌና ሁለት ሕፃናት አሉ፤ ከኋላ የሚያሳድድ ጠላት አለ። አንዱ «ሮጠን እንሻገር» አለ። ሌላዋ «ችቦ እናብራ» አለች። ክርክሩ ሲበረታ ጥግ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት የአንደኛዋ ልጅ አያት «ምን ሆነው ነው የሚጨቃጨቁት?» ብለው ጠየቁ። የልጅ ልጃቸው በተሰባበረ አማርኛ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፦

«ችቦማ አይበራም፣ ያዩዋችኋል። መጀመሪያ ውኃውን የሚያውቅ ሰው ይሻገርና ገመዱን ያስር። ሕፃናቱን በጀርባ ሳይሆን በደረት እዘሏቸው፤ ጀርባ ላይ ከሆኑ ውኃ ሲገባባቸው አታዩም» አሉ።

ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። ተራኪው ልጅ ቀስ ብሎ «ሳፍታ፣ ከዚያስ?» አላቸው። ከዚያማ ተናገሩ። ወደ ሱዳን ሲሄዱ ቀን ቀን ጫካ ተደብቀው ሌሊት ሌሊት እንዴት እንደተጓዙ፣ መንገድ መሪው ትቷቸው እንደ ጠፋ፣ ውኃ ጥሙን። መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ሕፃን ጀመሩና አቋረጡት። «ይብቃ፣ የናንተን ጨርሱ» አሉ። ልጃቸው፣ ማለትም የዚያች ልጅ እናት፣ እዚያው ከእኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። ከእሷ በፊት የተወለደ ወንድም እንደነበራት ያወቀችው ያን ሌሊት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ኖረው አልተነገራትም።

ይህን የምንነግራችሁ ለማስለቀስ አይደለም። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ሁላችንም እናውቃለን። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። ያን ቀን እናለቅሳለን፤ የቀረውን ዓመት ግን ሆድ ይፍጀው ነው። ሆድ ይፍጀው ደግሞ ውለታ አለው፣ አንክድም። ወላጆቻችን በየመንገዱ ቆመው ቢያለቅሱ ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር። ችግሩ ልጆቻችን ዝምታችንን ሲወርሱ ነው። ዝምታውን ወረሱ፤ ዝም ያልንበትን ምክንያት ግን አያውቁትም።

ልጃችንን «እንዴት ነህ?» ስንለው «ሀኮል በሴዴር» ይለናል። እኛም የኛን እናት «እንዴት አደርሽ?» ስንላት «ይመስገን» ትለናለች። ሁለቱም አንድ በር ናቸው፤ የተዘጋ በር። ያ ጨዋታ ግን ሌላ በር ከፈተ። ማንም ለአያትየው «ስለ ሱዳን ይንገሩን» አላለም። ተቀመጡ፣ ይናገሩ፣ ይልቀስ አልተባለም። ሰው ወንዝ መሻገር አቅቶት ነበርና የሚያውቁትን አካፈሉ። ስለ ራሳቸው የተናገሩት በሌላ ሰው ጉዳይ በኩል ነው።

ልጆቹንም ጠየቅናቸው፤ «ምን ይጠቅማችኋል?» አልናቸው። አንዱ ያለን ይህን ነው፦ «አዛቃ ሲጮኽ ምርጫ የለኝም፣ መሮጥ ብቻ ነው። እዚህ ግን ምን ላድርግ ብዬ እመርጣለሁ። ኩቢያው ቢከፋብኝ እንኳን ቀጥሎ ተራ አለኝ።» አንዷ ደግሞ «የኔ ገጸ ባሕርይ ስትፈራ ፈራሁ ማለት እችላለሁ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ እንደዚያ አልልም» አለችን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተጠራ መቁጠር ትተናል።

በሙያው የሠለጠኑ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ያዕቆብ ሞሬኖ የሚባል ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት በቪየና ሰዎች ችግራቸውን በወሬ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ሆነው እየተጫወቱ እንዲያወጡት ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ሳይኮድራማ የሚባለው ነገር ከዚያ መጣ። ዛሬም ይህንኑ የጠረጴዛ ጨዋታ ከወጣቶች ጋር በቡድን ለሕክምና የሚጠቀሙበት ባለሙያዎች በተለያዩ አገሮች አሉ።

ግን እኮ ቪየና ድረስ ምን አስኬደን? እኛው ቤት ነበረ።

እስቲ አስታውሱ። ማታ ምድጃ ዳር «እንቆቅልህ!» ሲባል፣ «ምን አውቅልህ» ይመለሳል። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ያላወቀው አገር ይሰጣል፤ ያወቀው ጎንደርን ይቀበላል፣ ደምቢያን ይቀበላል፣ ገዥ ሆኖ ይኮፈሳል፣ ያላወቀውን በሳቅ ያንኳስሰዋል። አሁን ደግሞ ይህን አስቡት፦ አያቶቻችን ርስት የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ «ቡዳ» የሚባሉ። አንድ ጋሻ መሬት ያልነበራቸው ሰዎች ልጆች፣ ማታ ማታ ሙሉ ጎንደርን ሲሰጣጡና ሲቀባበሉ ያመሹ ነበር። ይህ ከእውነት መሸሽ ነው? ጠዋት ሲነጋ ያው ሰው መሬት ላይ ለማረስ ይነሡ አልነበረም እንዴ? ለአንድ ምሽት ግን ባለ አገር ሆነው፣ ስቀው፣ ተኙ። ለነገ ጉልበት የሰጣቸው አንዱ ነገር ያ ነው ብለን እናምናለን።

ሴቶቹስ? በሸክላ ስባሪ እቃ እቃ ስንጫወት አንዷ እናት፣ አንዷ እንግዳ፣ አንዷ ሙሽራ አልነበርንም? «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ልጅ ልሁን» ያልነው እኛ ነን። ልጆቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ኩቢያ የተጨመረበት መሆኑ ነው።

አሁን ተቃውሞውንም በቅንነት እናንሣ።

«ሃይማኖታችንን አይነካም ወይ?» የሚል አለ። ልጆቹን ጠየቅናቸው፣ ቁጭ ብለንም አየን። ማንም ለማንም አይሰግድም፣ ማንም እውነተኛ አስማት አይሠራም። ዘንዶው ተረት ውስጥ እንዳለ ጅብ ነው፤ ልጅ ሆነን የሚናገር ጅብ ስንሰማ ጅብ አላመለክንም። መጻፍ ስላለበት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ሰንበት እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚህ በኋላም ልቡ ያልተቀበለው ወላጅ ይኖራል፣ እናከብረዋለን። ከመከልከሉ በፊት ግን አንድ ምሽት ተቀምጦ ይይ እንለዋለን።

«ጊዜ ይበላል» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ይበላል። የባግሩት ፈተና ሲደርስ እናቋርጣችኋለን ብለን ተስማምተናል። ግን ስልክ የሚበላውን ጊዜ ማን ቆጠረው? እዚህ ቢያንስ የሰው ፊት እያዩ ነው። «ወጪ አለው» ለሚሉም፣ መሠረታዊ ሕጎቹ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። አንድ ጥቅል ኩቢያ ለሁሉም ይበቃል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን «ሰው እየሞተ ትጫወታላችሁ» የሚለው ነው። ይህን ያለው አባት አብሮን ስላለ እሱው ይመልስ ብለነው ነበር። እንዲህ አለ፦ «እኔ የተቆጣሁት በነሱ ስቆጣ አልነበረም። እነሱ ሲስቁ የኔ ልጅ ጦር ሜዳ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነው። ልጄ ለእረፍት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ጠረጴዛ ነው። ማንም ስለ ጦርነቱ አልጠየቀውም። ሌባ ሆኖ ተጫወተ፣ የንጉሥ ፈረስ ሰረቀ፣ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

ነገር ግን እንዳናጋንን። ጨዋታ መድኃኒት አይደለም። በሰፈራችን ሌላ ልጅ አለ፤ ከሚሉኢም ተመልሶ ሦስት ጊዜ መጥቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ጊዜ የውጊያ ትረካ ሲመጣ ፊቱ ተለወጠ፣ ተነሥቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። እሱን የረዳው ጨዋታው ሳይሆን ባለሙያ ነው፤ አሁንም ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አንድ ነገር ተማሩ። በዓለም ላይ ብዙ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት፣ የ«ኤክስ» ምልክት ያለበት አንድ ካርድ ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጣሉ። ማንም ሰው የከበደው ነገር ሲመጣ ካርዱን ይነካል። ያ ነገር ይታለፋል። «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። እኛ በዕድሜያችን እንዲህ ያለ ካርድ ኖሮን አያውቅም። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ዘመድ መሃል ስንት ጊዜ ልንነካው በወደድን ነበር!

ስለዚህ ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ ከሰው ከራቀ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ፣ ጨዋታ ይፈውሰዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ በአስቸኳይ የሚሰማ ሰው ካስፈለገ የዔራን የስልክ መስመር 1201 አለ። ማፈር የለም። ሰው እግሩ ሲሰበር አያፍርም።

ለቀረነው፣ ማለትም ሕመም ላይ ሳንደርስ እንዲሁ ለከበደን፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ልጆቻችሁ እንደዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ካላቸው አታፍርሱባቸው። ቦታ ከጠበባቸው የሰፈራችሁን ማትናስ አንድ ክፍል ጠይቁላቸው። ሻይ አፍሉላቸው፣ ዳቦ ቁረሱላቸው፣ ዳቦውን አስቀምጣችሁም ወዲያው አትውጡ።

ሁለተኛ፣ ሲመለሱ «እንዴት ነህ?» ብቻ አትበሏቸው፤ መልሱን እናውቀዋለን። «ዛሬ ሰውዬህ ምን ሆነ?» በሏቸው። ያኔ ይናገራሉ። የኛዎቹ መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ አወሩልን። ግማሹ አልገባንም፤ ሳቁ ግን ገባን።

ሦስተኛ፣ አዛውንቶቻችንን አስቀምጡ። ሕጉን ማወቅ የለባቸውም፤ ኩቢያውን ይጥሉ፣ ምክር ይስጡ። አንድ ልጅ በመሃል ይተርጉም። ልጆቻችን አማርኛ አልችልም ብለው ያፍራሉ፤ ወላጆቻችን ዕብራይስጥ አልችልም ብለው ያፍራሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ማፈሩን ሲረሱት አይተናል። አያትየው አሁን የራሳቸው ወረቀት አላቸው። ገጸ ባሕርያቸው መንገድ መሪ ናት። መንገድ መሪ የሆኑት ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። እስካሁን ማንንም ጥለው አልሄዱም።

ያቋረጡትን ታሪክ አልጨረሱልንም። ልጃቸውም አልጎተጎተቻቸውም። ግን ሰንበት ሲወጣ ነጠላቸውን ለብሰው «ዛሬ የት ነው የሚጫወቱት?» ብለው ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ሆነዋል።

እናንተ ቤትስ እንዴት ነው? ልጆቻችሁ ምን ይጫወታሉ? እናንተስ ልጅ ሆናችሁ ምን ትጫወቱ ነበር? ከስር ጻፉልን፣ ሁሉንም እናነባለን። የምትቃወሙም ጻፉ፤ እኛም ትናንት እንደናንተ ነበርን።

የተጠሩት በሰላም ይመለሱልን። ሰላም ሁኑ።